ለማናውቀው ሰውዬ ለቅሶ የሄድን ጊዜ

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ያኔም ነበረችኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያነበብኩት እዚያች ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው፤ ልብ ወለድም ታሪክም፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የወደቀውንም ጭምር። ስለዚህ ወሬዬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ አስተማሪ ስላልቆነጠጠው ነው በሉና እለፉኝ።

የምነግራችሁ ስለ አክስቴ ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ፉሪ በኩል ከነባር ገበሬ ቤት ተድራ ገብታ፣ ማሳው በቪላና በኮንዶሚኒየም ተበልቶ ሲያልቅ ባሏ ወደ ግንባታ ሥራ ዞረ፤ እሷ ግን ሁለቱን ላሞቿን አልለቅም ብላ ቀረች። ማለዳ ማለዳ ወተት ይዛ በር ታንኳኳለች። አንዱን በር በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ፣ ከደቡብ የመጡትን የጴንጤ ጎረቤቶቿን ደግሞ በተሰባበረ ወላይትኛ ሰላም ትላለች፤ እነሱም እየሳቁ ያርሟታል። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረገዘች፣ የትኛዋ ምራት ከአማቷ ጋር እንደተኮራረፈች ከወተቱ ታውቃለች። "ግማሽ ሊትር ይበቃኛል ካለች ሰውዬው ቤት የለም ማለት ነው" ትላለች። እንዲህ ያለችውን ሴት የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ ያላደረገ ማንን ሊያደርግ ነው?

እድራችን ድሮ ሞት የሚያስነግረው በጥሩምባ ነበር። ጥሩምባ ነፊው አባት አርጅተው ያረፉ ዕለት የእሳቸውን ሞት የሚነፋ ሰው ጠፋ። ወሬው በስልክ እየተቀባበለ ግማሹ ሰው ሳይሰማ ቀረ፤ ስንቱን ቀብር ያደረሱ ሰው የራሳቸው ቀብር ሳሳ። ከዚያ በኋላ ነው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ የተከፈተው። ከየቤቱ አንድ ስልክ ይገባል። ሰው ሲሞት የሟች ፎቶ ጥቁር ሪባን ተደርጎበት ይለጠፋል፣ ኦርቶዶክሱ "ነፍስ ይማር"፣ ጴንጤው "እግዚአብሔር ያጽናናችሁ"፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም የራሱን ይጽፋል፤ ከዚያ ሁሉም ይነሳል። ሌላ ወሬ አይገባም። ፖለቲካ ያስገባ ወይም ያልሞተ ሰው ሞተ ብሎ የለጠፈ ቤት ከእድሩ ይሰረዛል ተብሎ በደንቡ ተጽፏል። የተሰረዘ ቤት ደግሞ ድንኳን አይተከልለትም፣ ቀባሪ አይወጣለትም።

ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት የእድራችን አባል አለች። ጉልበቷ እስኪከዳት ፋብሪካ ውስጥ ክር ስታጠነጥን የኖረች፣ ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ልቧ የታመመ ሴት ናት። ከእኔ መርፌና ክር ትገዛ ስለነበር እናወራለን። ወገኖቿ ሩቅ ናቸው፤ ያሏት አንድ ወንድ ልጅና እድሩ ናቸው። ሐኪም ቤት ደርሳ በተመለሰች ቁጥር ሱቄ ደፍ ላይ ዓረፍ ብላ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ መሞቱን አልፈራውም፣ ሰው ሳይበዛልኝ እንዳልቀበር ነው የምፈራው። ዝናብም ቢሆን፣ ትንፋሽ ቢያጥራትም፣ የማንንም ቀብር አታስቀርም ነበር። ለራሷ ቀን ስታጠራቅም እንደነበር ይገባኛል።

ልጇ ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ እናቱን በክንዱ ደግፎ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ልጅ ነው። እሷ ስልክ ከማንሳትና ከመዝጋት ሌላ ስለማትችል፣ በእሷ ቁጥር የተከፈተውን የእድሩን ቴሌግራም በእሱ ስልክ ላይ አድርጎ የሚያነብላት እሱ ነው። ያው ስልክ ላይ የራሱም አለው። በራሱ ደግሞ አንድ የውይይት ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ይውላል።

ያንን ግሩፕ እኔም አውቀዋለሁ። ታሪክ ስለምወድ አንዲት ደንበኛዬ ነበረች ያስገባችኝ። ሲጀመር ደስ ይል ነበር። የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ ይለጠፋል፣ ይህን ድልድይ ማን ያውቀዋል ይባላል፣ አንዱ አያቴ በዚህ በኩል ቤት ነበራቸው ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ጣሊያን በአምስት ዓመት ይህን ከሠራ ሃምሳ ቢቆይስ ኖሮ ብሎ ጻፈ፣ የሳቅ ምልክት አድርጎበት። ሰዉ ሳቀ። በሌላ ቀን ሌላው ያንኑ ከፍ አድርጎ ጻፈው፣ አሁንም ሳቁ። ሲስቁ ሰንብተው አንድ ቀን ሳቁ ቀረና ነገሩ ብቻ ቀረ። የፋሺስቱን መሪ ፎቶ መለጠፍ ጀመሩ። አገር የሚቆመው በአንድ ሰው ክንድ ነው፣ ክርክር የደካማ ነው፣ እነ እንትና ካልተጠረጉ አይጠራም ይባል ጀመር። እነ እንትና የሚባሉት ዛሬ አንዱ ወገን፣ ነገ ሌላው ነው። እንዲህ የሚጽፉት ብዙ አይደሉም፤ ግን አይተኙም፣ ሥራ የላቸውም፣ ሌላው ሰው አንብቦ ዝም ይላል። ስማቸው አይታወቅ፣ መልካቸው አይታይ፤ ከንስርና ከአንበሳ ከራስ ቁርም በቀር ፊት አይለጠፍበትም። ምን ልበላችሁ፣ ገብስ ውስጥ እንክርዳድ እንዳየሁ ሆንኩና አንድ ቀን ወጣሁ። የዚያች የልብ ሕመምተኛ ልጅ እዚያ ውስጥ ካሉት ንስሮች አንዱ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ለአንዲት ልብስ ሰፊ ዚፕ እየለካሁ ስልኬ አላቆም አለ። ከፈትኩት፤ የእድሩ ግሩፕ ነው። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህታችን። ማን ሞተ ብዬ ወደ ላይ ብሄድ ከዚያች ከልብ ሕመምተኛዋ ቁጥር የመጣ ፎቶ አገኘሁ። ራሱ የተላጨ፣ አገጩን የቀሰረ፣ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰውዬ ነው። ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን ተደርጎበታል። ከሥሩ "አንተ ብትኖር ኖሮ እንዲህ አንዋረድም ነበር። መቼም አንረሳህም" ይላል።

ክው አልኩ። ስሙን አልጠራውም፤ የትኛው ሰውዬ እንደሆነ ገብቷችኋል። የሴትየዋ ልጅ የሰውዬውን ሙት ዓመት አስቦ እዚያኛው ግሩፕ ሊለጥፍ ብሎ፣ በእናቱ ቁጥር እድሩ ላይ ለጠፈው። የእኛ ሴቶች ደግሞ ሰውዬውን ከየት ይወቁት? የሚያውቁት ጥቁር ሪባንን ነው። አንዷ የባሏ ወንድም ነው፣ ጦር ውስጥ እንደነበረ ሰምቻለሁ ብላ ጽፋለች። ሌላዋ ቀብሩ የት ነው ትላለች። ኦርቶዶክስ ነው ወይስ ጴንጤ የሚለው ጥያቄ ተነስቶ፣ አንዷ ከመልኩ ካቶሊክ ይመስላል ብላ ዘግታዋለች። ከሁሉም በታች የአክስቴ ድምፅ አለ፦ አስር ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት እንገናኝ፣ ዳቦ ያላችሁ ዳቦ ያዙ፣ እህታችን ልቧ ደካማ ስለሆነ ጮኻችሁ አትግቡባት።

አክስቴ ጋ ብደውል አታነሳም። ሱቄን ዘግቼ ታክሲ ውስጥ ዘለልኩ። ነፋስ ስልክ ስደርስ ቀድመውኛል። ግቢው ጥቁርና ነጭ ነጠላ ብቻ ሆኗል። የእድሩ አግዳሚ ወንበር ከታች ሰፈር ተሸክመውት መጥተዋል፤ ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኖ ተደርድሯል። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

"ማን ሞተብኝ? ንገሩኝ እንጂ፣ ማን ነው የሞተብኝ?" ትላለች።

ሴቶቹ አንቺ ነሽ የምትነግሪን ብለው ያያሉ። እኔ ነጠላ በነጠላ እየገፋሁ አክስቴ ጋ ደርሼ በጆሮዋ ነገርኳት። የጣሊያኑ ነው፣ የፋሺስቱ፣ ልጁ ነው የለጠፈው፣ በስህተት ነው፣ ቶሎ እንውጣ አልኳት። አክስቴ ፊቷ አልተለዋወጠም። ሴቶቹን አየች፣ ዳቦውን አየች፣ የዚያችን ሴት እጆች አየች። እኔ ብሆን ስህተት ነው ተመለሱ ብዬ፣ በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ፎቶውን እየተቀባበለ ያቺን ሴት መግቢያ ባሳጣኋት ነበር። አክስቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። እሷ ከተቀመጠች ሁሉም ይቀመጣል።

"የሞተብሽ ሰው የለም፣ እፎይ በይ" አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ልጅሽ የሚያዝንለት ሰው አለ። እሱን ልናጽናና ነው የመጣነው። ጥሪው።"

ልጁ ራሱ ወጣ። በመስኮት ሲያይ ነበር መሰለኝ፣ ፊቱ ቀልቷል። ስልኩን እጁ ላይ ይዞታል፤ ፎቶውን ሊያጠፋ ሲሞክር እንደነበረ ያስታውቃል፤ ግን አንዴ ዳቦ ተጋግሯል። የሐዘንተኛውን ወንበር አመለከተችው። ሐዘንተኛ አይቆምም አለችው። ተቀመጠ። ከዚያ እየሳቀ ሊያወጣው ሞከረ።

"በስህተት ነው እትዬ። ለሌላ ግሩፕ ነበር የላክሁት።"

"የምን ግሩፕ ነው?"

"የውይይት።"

"ብዙ ናችሁ?"

"በጣም ብዙ ነን።"

"ታዲያ እነሱ የት አሉ? መጡ?"

"የት?"

"ለቅሶ ነዋ።"

"እትዬ፣ እኛ እኮ … በአካል አንተዋወቅም።"

ከኋላ ወላይታዋ ጎረቤታችን ከንፈሯን መጠጠች፤ ለምስኪን የሚመጠጠውን። ልጁን ከስድብ ሁሉ ያ የከበደው ይመስለኛል፤ ሳቁ ጠፋ።

እንግዲህ አክስቴ ያደረገችውን ስሙ። እኛ ዘንድ ሬሳ ሳይወርድ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የት እንደተወለደ፣ ማንን እንደወለደ፣ ምን እንደሠራ። ያልተነበበለት ሰው እንደውሻ ተቀበረ ነው የሚባለው። አክስቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንተ የምትወደው ሰው ነውና የሕይወት ታሪኩን አንብብልንና እንሂድ አለችው። ማላገጥ አልነበረም። ማላገጥ ቢሆን ልጁ ይሳደብ ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ለእውነተኛ ሐዘንተኛ የምታሳየው ፊት ነው።

መጀመሪያ እየተንተባተበ ጀመረ። ሰውዬው ከድኃ ቤት እንደተወለደ፣ አባቱ አንጥረኛ እንደነበሩ፣ እናቱ አስተማሪ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የድኃ ልጅ ሲባል አንጀታቸው አይችልም። እየቆየ ሞቀው። ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ሥርዓት፣ ሰው ሁሉ ሰዓት አክብሮ እንዴት ይሠራ እንደነበር አወራ። አንዷ መንገዱስ ደግ ነበር፣ ታክሲ ባይጠፋበት አለች፤ ሁለት ሦስት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ሳቃቸውን ሸሸጉ። ልጁም ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ደህና አድርጎ ይናገራል። እያየሁት ይህን የመሰለ አንደበት ያለው ልጅ ሥራ አጥቶ ለንስሮች ሲናገር መዋሉ ቆጨኝ።

አክስቴ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ብቻ፣ "እኛ አገርስ መጥቶ ምን አደረገ?" አለችው። "የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አይዘለልም የኔ ልጅ።"

ያውቀዋል። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ሲሆን የሚመልሰው መልስ አለው፤ ሁሌም የሚመልሱት ነው፣ ጦርነት ነበር፣ ተጋንኗል፣ ያኔ ማን ያልገደለ አለ። እነዚያን ቃላት ወደ ምላሱ ሲያመጣቸው አየሁት። ዳቦ ይዘው የመጡ ሴቶች ፊት ግን አልወጣ አሉት።

የተናገረችው እናቱ ናት። እስካሁን በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ስለማን እንደሚወራ ቀስ ብሎ ነው የገባት።

"የእናቴን አባት ከቤታቸው ነው የወሰዷቸው" አለች። "እርፍና ሞፈር የሚጠርቡ ሰው ነበሩ። የት እንደጣሏቸው አልታወቀም። እናቴ ትንሽ ልጅ ነበረች። ጋቢያቸውን መሬት ላይ ዘርግተው በጋቢያቸው ነው ያለቀሱላቸው። ያንን ጋቢ እናቴ እስክትሞት አልጣለችውም። አንተን የሸፈንኩህ በእሱ ነው።"

ልጁ አልነገርሽኝም እኮ አላት፣ ድምፁ የሕፃን ሆኖ። እሷም ለአንድ ልጇ እንዲህ ያለ ነገር ምን ብላ እንደምትነግረው አላውቅ ብላ መኖሯን ነገረችው። ከዚያ ትንፋሽ አጠራትና ልጇ ተነስቶ ወንበሩን ለእሷ ለቀቀላት።

የሐዘንተኛው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው ለቅሶው ለቅሶ የሆነው። ወላይታዋ በራሷ ቋንቋ ጸለየች፣ ሌሎቹ ነፍስ ይማር አሉ፤ በዚህኛው ጊዜ ለሞፈር ጠራቢው። ዳቦው ተቆረሰ። አክስቴ ከመውጣቷ በፊት ልጁን ምንም አልመከረችውም። ፎቶውን አጥፋው እንኳ አላለችውም፤ እሱ ቀድሞ አጥፍቶታል።

እሱ ቢያጠፋውም ወሬው ግን አልጠፋም። የእድሩ ዳኛ በማግሥቱ ሰሙ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ እውነተኛ ሰው ናቸው፣ ከቤታቸውም በጣሊያን ጊዜ ያለቀ ሰው አለ። በሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው፣ በዚያ ጣሊያን ባሠራው መንገድ ሲነዱ ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ፣ መንገዱን ማን እንዳዘዘና በማን አጥንት እንደተሠራ ለእሳቸው ማንም እንደማይነግራቸው ተናገሩ። ቁጣቸው ትክክል ነበር፤ እኔም በልቤ አብሬያቸው ነበርኩ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ያልተሞተ ሞት ተለጥፏል፣ ፖለቲካም ገብቷል። "ያንን ሰውዬ የሚያወድስ ቤት በእኛ ድንኳን አይለቀስለትም" ብለው ተቀመጡ። ብዙ ሰው አጨበጨበ።

ያቺ ሴት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሊሰርዟት መሆኑ የገባት እዚያ ነው። አልተነሳችም፣ እጇንም አላወጣችም። አጠገቧ ላለሁት ለእኔ ብቻ ነው የተናገረችው።

"እኔን ማን ይቀብረኛል?"

አክስቴ ዕድል ጠይቃ ተነሳች። ልጁ ሕፃን ነው፣ ስህተት ነው፣ ይቅር እንበለው ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። "ጋሼ፣ እውነትዎን ነው" አለች። "ያወደሰው እሱ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱ ይጠየቅ። የምንቀብረው ግን እሷን ነው። እሷ የማንን ቀብር ነው የቀረችው? የቀረችበት ቤት ካለ እጁን ያውጣ።"

እጅ የሚያወጣ ጠፋ። እውነት ለመናገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ እሷ አፈር ያላለበሰችለት ቤተሰብ ያለው ሰው አልነበረም። ዳኛው ራሳቸው ሚስታቸውን ሲቀብሩ ትንፋሽ እያጠራት ዳገቱን ስትወጣ አይተዋታል። አንገታቸውን ደፉ።

ልጁን ወደ ፊት ጠሩት። ቆመ። የለጠፈው እሱ እንደሆነ፣ እናቱ ፎቶውን እንዳላየችው፣ ቅጣት ካለ በእሱ እንዲሆን ተናገረ። አንዱ ከጥግ፣ ታዲያ አሁን ከእነዚያ ሰዎች ወጥተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጁም "እያሰብኩበት ነው" አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። እናቱ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም አለቀልን አልኩ፤ ምን ነበር ወጥቻለሁ ቢል?

አክስቴ ግን ከት ብላ ሳቀች። "ቢዋሽላችሁ ይሻላችሁ ነበር?" አለች። ሳቋ የሚጋባ ነው፤ መጀመሪያ ሴቶቹ፣ በኋላ ወንዶቹም ሳቁ። ዳኛው ሳቃቸውን ለመደበቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እጅ እንዲወጣ አዘዙ። ቤቱ እንዲቀጥል ያሉት በለጡ፤ ልጁ ግን በእናቱ ቁጥር ዳግመኛ እንዳይጽፍ፣ ቁጥሩም ወደ ጎረቤት ስልክ እንዲዛወር ተወሰነ። ያቺ ሴት ስትወጣ የአክስቴን ትከሻ ሳመችው፤ አክስቴም ነገ ወተት ስንት ላምጣልሽ አለቻት።

ልጁ ከግሩፑ ይውጣ አይውጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ አክስቴን ግን ቆሞ ይስማል። እናቱን ዛሬም ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት እሱ ነው። ሱቄ ደፍ ላይ ዓረፍ ስትል ስለ ቀብር ማውራት ቀንሳለች፤ አሁን የምታወራኝ ስለ ሞፈር ጠራቢው አያቷ ነው፤ ልጇ ማታ ማታ ስለሚጠይቃት እየቆየ ብዙ ነገር ትዝ እያላት ነው።

ከስብሰባው በኋላ ባለው ሳምንት አክስቴ ሱቄ መጣች። ባዶ የወተት ጄሪካኗን ደፉ ላይ አስቀምጣ ስልኳን አውጥታ ያንን የውይይት ግሩፕ አስገቢኝ አለችኝ። ምን ሊሠራልሽ ብላት፣ ያን ያህል ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሰላም የሚለው የለም አሉ አለችኝ። ይሰድቡሻል አልኳት፤ አልሰማችኝም። ግሩፑ ለማንም ክፍት ነውና አስገባኋት። ፎቶ ሲጠይቅ ከትልቋ ላም ጋር የተነሳችውን መረጠች። እያዘዘችኝ የጻፍኩላት የመጀመሪያው መልእክት ይህ ነበር፦ "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። እኔ ፉሪ ነኝ፣ ወተት ነው የምሸጠው። እናንተስ የማን ልጆች ናችሁ?"

ሳቁባት። የላም ምስል ላኩባት። ሰደቧት፣ ሁለት ጊዜም አስወጧት፤ መልሼ አስገባኋት። በኋላ መጻፉን ራሷ ተማረች፤ ፊደል ትገድፋለች፣ ግን ይገባል። አንዱ እነ እንትና ይጠረጉ ብሎ ሲጽፍ፣ ከሥሩ ማን ይቀብራቸዋል ልጄ ብላ ትጠይቃለች። መልስ የሚሰጣት የለም። አንድ ቀን ግን ጽፎ የማያውቅ አንድ ሰው፣ "እኔ ጀሞ ነኝ እማማ" ብሎ ጻፈላት። ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ልጅ ሳሪስ ነኝ አለች።

አክስቴ ዛሬም እዚያ ግሩፕ ውስጥ አለች። ላሞቿን አልባ ስትጨርስ እጇን ትታጠብና እንደምን አደራችሁ ብላ ትጽፋለች። ከዚያ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ ወተቷን ይዛ ትወጣለች።